ላፕቶፑ ወይስ ስትሪመሩ? አንድ ሳሎን፣ ሁለት ምሽት

ኮተቤ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ያለ ግቢ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ሁለት የእንጨት ስፒከሮች ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ፈቀቅ ብለው ቆመዋል። በመካከላቸው ባለው ዝቅተኛ ጠረጴዛ ላይ ሠላሳ ዓመት ያለፈው አምፕሊፋየር፣ አጠገቡ የሳሙና መያዣ የምታክል አንዲት ሳጥን፣ ከዚያ ወዲያ ክዳኑ የተከፈተ ላፕቶፕ አለ። የቤቱ ባለቤት ጡረታ የወጡ የቴሌ መሐንዲስ ናቸው። ቅዳሜ ማታ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ ሙዚቃ የሚሰማው እሳቸው ዘንድ ነው። ጨዋታው ይደምቃል፣ ዘፈን ሲጀመር ግን ሁሉም ዝም ይላል። የቤቱ ደንብ ነው።

በዚያ ቅዳሜ ጠረጴዛው ላይ አዲስ ዕቃ ነበር። ሜሪላንድ የምትኖረው ልጃቸው በሰው እጅ የላከችላቸው ስትሪመር ነው፤ ሙዚቃን ከኢንተርኔት ወይም ከሀርድ ዲስክ ስቦ የሚያጫውት። መዳፍ የሚያክል፣ ስክሪን የሌለው፣ አንዲት ነጭ መብራት ብቻ የሚያበራ ጥቁር ዕቃ።

እስከዚያ ቀን ሙዚቃው ሁሉ የሚመጣው ከላፕቶፑ ነበር። አንድ ዘፈን መጀመሪያ በላፕቶፑ፣ ቀጥሎ በስትሪመሩ ተሰማ። ፍርዱ አልዘገየም። አማቻቸው «መጋረጃ የተገፈፈ ይመስላል» አለ። ቡና የምታቀርበው የእህታቸው ልጅ ሳትጠየቅ «ሁለተኛው ይሻላል» አለች። እኔም የሰማሁት ያንኑ ነው። በላፕቶፑ ጊዜ ከዘፈኑ ሥር እንደ ጭጋግ የተኛ ነገር ነበር፤ በስትሪመሩ ግን ክራሩ ከጸጥታ ውስጥ ብቅ ሲል ለይቶ ይሰማል።

መሐንዲሱ ብቻ አልረኩም። «የተሻለ ነው፣ እሱስ ግልጽ ነው» አሉ መነጽራቸውን እየወለወሉ። «ግን ሁለቱም የላኩት ያንኑ ቁጥር ነው። ያው ቁጥር እንዴት ሁለት ዓይነት ድምፅ ይሆናል? ይኼን ሳላውቅ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ጥያቄው የእሳቸው ብቻ አይደለም። ሙዚቃን በስልክ መስማት የሰለቻቸው፣ ቤታቸው ደህና ስፒከር አስገብተው ቁጭ ብለው ማዳመጥ የሚፈልጉ ብዙ ሰዎች እዚህ ላይ ይቆማሉ። ሻጩ «ኮምፒውተር ለሙዚቃ አይሆንም፣ ይህን ሳጥን ውሰድ» ይላል። ኮምፒውተር የሚያውቀው ጓደኛ ደግሞ «ገንዘብህን አታባክን» ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት በሙሉ ልብ ነው።

ቁጥሩ ከየት ተነስቶ የት ይደርሳል

ዲጂታል ሙዚቃ የቁጥር ሰልፍ ነው። ሶኒና ፊሊፕስ አብረው የሠሩትና እ.ኤ.አ. በ1982 ጃፓን ውስጥ ለገበያ የበቃው ሲዲ፣ ለግራውም ለቀኙም ስፒከር ድምፁን በሴኮንድ 44,100 ጊዜ እየለካ በቁጥር ያስቀምጣል። ልኩ የተቆረጠው ለጆሯችን ነው። ጤነኛ የወጣት ጆሮ የሚሰማው እስከ 20,000 ኸርዝ ገደማ ሲሆን፣ ያንን ሳያስቀሩ ለመያዝ ከእጥፉ ጥቂት ከፍ ያለ ልኬት ይበቃል። ቁጥሮቹን መልሶ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚቀይረው ዕቃ ዳክ ይባላል። ስልክ ውስጥ አለ፣ ላፕቶፕ ውስጥ አለ፣ ለብቻውም ይሸጣል። መሐንዲሱ ጠረጴዛ ላይ ያለችው የሳሙና መያዣ የምታክለው ሳጥን ዳክ ናት። ከእሷ የወጣው ሞገድ ወደ አምፕሊፋየሩ፣ ከዚያም ወደ ስፒከሩ ይሄዳል።

ስለዚህ የላፕቶፑም የስትሪመሩም ሥራ አንድ ነው። ቁጥሩን ከሀርድ ዲስክ ወይም ከኢንተርኔት አውጥቶ ሳይቀንስ ሳይጨምር ለዳኩ ማስረከብ። ዳኩን በሆዳቸው የያዙ ስትሪመሮችም አሉ፣ ሥራው ግን አይለወጥም።

የስትሪመርን ሽፋን ቢከፍቱ የሚያገኙት ኮምፒውተር ነው። ፕሮሰሰር አለው፣ ሜሞሪ አለው፣ የዋይፋይ ቺፕ አለው፣ ብዙዎቹም የሚሠሩት በሊነክስ ነው። ዘሩ ሲቆጠርም ከኮምፒውተር ሰዎች ይጀምራል። ስሊም ዲቫይስስ የተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 በኔትወርክ የሚሠራ ሙዚቃ ማጫወቻ አወጣ። በኋላ ስኩዊዝቦክስ በሚል ስም የታወቁት ዕቃዎች የዚያ ተከታዮች ናቸው። ሎጂቴክ በ2006 ኩባንያውን ገዛው፣ በ2012 ምርቱን አቆመ። ሶፍትዌሩ ግን ለሁሉም ክፍት ስለነበር ተጠቃሚዎቹ እያደሱ እስከ ዛሬ አኑረውታል። በውድ ዕቃዎቹ የሚታወቀው የስኮትላንዱ ሊን በ2007 የመጀመሪያውን ስትሪመሩን አወጣና፣ ሁለት ዓመት ቆይቶ ሲዲ ማጫወቻ መሥራቱን ጨርሶ ተወ። በ2012 የመጣችው ርካሿ የእንግሊዝ ኮምፒውተር ራስበሪ ፓይ ደግሞ ነገሩን ለተማሪም አደረሰችው። አንዲት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ነፃ ሶፍትዌርና የስልክ ቻርጀር ያለው ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ስትሪመር ይሠራል።

ይህን ማወቁ ይጠቅማል። «ኮምፒውተር ለሙዚቃ አይሆንም» የሚለው ሻጭ የሚሸጠው ኮምፒውተር ነውና።

ክዳኑ ላይ ያለው ንዝረት

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ መሐንዲሱ ላፕቶፑን መልሰው ሰኩት። ዘፈን አልከፈቱም። የአምፕሊፋየሩን ድምፅ ከፍ አድርገው ጆሯቸውን ስፒከሩ ላይ አስጠጉና እኔን በእጃቸው ጠሩኝ። ከውስጥ «እምምም» የሚል ዝቅተኛ ድምፅ ይመጣል። ሩቅ ያለ ወፍጮ ቤት ይመስላል።

«አሁን እጅህን አምጣ» አሉና የጣቶቼን ጀርባ በላፕቶፑ የብረት ክዳን ላይ ቀስ አድርገው አስኬዱት። ክዳኑ ይነዝራል። ኃይለኛ አይደለም፣ ጉንዳን የሚሄድበት ያህል ነው። ከዚያ ቻርጀሩን ነቀሉት። ንዝረቱ ጠፋ። ስፒከሩም ጸጥ አለ።

እዚያው ቆመን ሁለት ሦስት ጊዜ ሰክተን ነቀልን። ሲሰካ እምምታው ይመጣል፣ ሲነቀል ይሄዳል።

የሆነው ይህ ነው። የላፕቶፕ ቻርጀር ከግድግዳ የሚመጣውን 220 ቮልት በከፍተኛ ፍጥነት እየቆራረጠ ዝቅ ያደርጋል። ውስጡ ያለው ማጣሪያ በሥራው ባሕርይ እጅግ ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ ላፕቶፑ አካል ያሾልካል። ሶኬቱ በትክክል የተዘረጋ የምድር ሽቦ ካለው ይህ ሹልክታ ወደ መሬት ይወርዳል። ከሌለው መውጫ ይፈልጋል። በስንት ቤት ነው ባለ ሦስት እግሩ ፕለግ ሦስተኛው ቀዳዳ ምንም ያልተያያዘበት ዲቫይደር ላይ የሚሰካው? በመሐንዲሱ ሳሎን ሹልክታው መውጫ ያገኘው በዩኤስቢው ገመድ ነበር። ወደ ዳኩ፣ ከዳኩ ወደ አምፕሊፋየሩ። አምፕሊፋየር ዘፈንና ጥርቅምቅም አይለይም፣ የመጣለትን ያጎላል። የመብራታችን ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ የምንሰማው ያ የወፍጮ ቤት ድምፅ ነው። የምድር ሽቦ ባለበት ቤትም ላፕቶፑና አምፕሊፋየሩ በተለያየ ሶኬት ከተሰኩ መሬት በሁለት መንገድ ይገናኝና ተመሳሳይ እምምታ ሊፈጠር ይችላል።

> ቁጥሮቹ አልተበላሹም። ያስቸገረው አብሯቸው በገመዱ የሾለከው ኤሌክትሪክ ነው።

ስትሪመሩ ከዳኩ ጋር የተገናኘው በኦፕቲካል ገመድ ነበር። ቶሺባ እ.ኤ.አ. በ1983 ያስተዋወቀው ይህ ገመድ ቁጥሩን የሚያሻግረው በብርሃን ነው። መዳብ የለውም፣ ስለዚህ ኤሌክትሪክ የሚሾልክበት መንገድ የለውም። «መጋረጃ የተገፈፈ ይመስላል» ያስባለው እሱ ነው። በዚያ ምሽት የተወዳደሩት ሁለት ገመዶች ነበሩ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። እምምታውን ለማጥፋት ብለው የፕለግን ሦስተኛ እግር የሚቆርጡ ሰዎች አሉ። ያ እግር የተቀመጠው ዕቃው ሲበላሽ ሰው እንዳይሞት ነው። አይቁረጡት። ላፕቶፑን በባትሪ ማሠራት፣ ላፕቶፑንና አምፕሊፋየሩን አንድ ዲቫይደር ላይ መሰካት፣ ወይም በኦፕቲካል ገመድ መጠቀም ይቻላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቶ የምድር ሽቦውን ማስተካከል ነው።

ከመሐል የገባው እጅ

በሳምንቱ የመሐንዲሱ የወንድም ልጅ መጣ። ስቱዲዮ ውስጥ ድምፅ የሚቀርጽ ወጣት ነው። ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ የዊንዶውስን የድምፅ ሴቲንግ ከፈተና ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ ይኼኮ ዘፈኑን እንዳለ አይልክም» አላቸው።

ዊንዶውስ የሚያስተናግደው ዘፈን ብቻ አይደለም። ቪዲዮ አለ፣ የኢሜይል መድረሻ ደወል አለ፣ የባትሪ ማስጠንቀቂያ አለ። ሁሉን በአንድ ቧንቧ ለማውጣት መጀመሪያ ወደ አንድ ልክ ያመጣቸዋል። የላፕቶፑ ልክ 48,000 ላይ ነበር፤ ስለዚህ 44,100 ሆኖ የተቀረጸው የሲዲ ዘፈን በመንገድ ላይ እንደገና ይሰላል። ድምፅ «ያሳምራል» የተባለው አማራጭም በርቶ ነበር፤ ባሱን ሳይጠየቅ ይጨምራል። የልክ ለውጡ ብቻውን ጆሮ የሚይዘው ልዩነት ያመጣል ብዬ አልምልም፣ የዛሬ ፕሮግራሞች ስሌቱን በደንብ ይሠሩታል። ማሳመሪያው ግን ያለ ጥርጥር ይሰማል።

ማስተካከሉ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ማሳመሪያው ጠፋ። እንደ ፉባር2000 ያለ ማጫወቻ ተጫነና ዳኩን ለብቻው እንዲይዝ ተደረገ። ያኔ ዊንዶውስ ከመሐል ይወጣል፣ የኢሜይሉ ደወልም አይሰማም፣ ቁጥሩ እንደተቀረጸ ይደርሳል። ማክ ያላቸው ሰዎችም የሚያዩት ጉዳይ አላቸው፤ ማክ በራሱ የዘፈኑን ልክ እየተከተለ አይቀያየርም፣ ባለቤቱ ወይም ማጫወቻው ያስተካክለዋል።

ይህን ከማስተካከሉ በፊት ግን ወጣቱ በስልኩ የድምፅ መለኪያ ሁለቱን ለክቶ ነበር። ስትሪመሩ በጥቂት ይጮኽ ነበር። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሰው ጥቂት ከፍ ያለውን ድምፅ «ከፍ ያለ» ብሎ አይሰማውም፣ «የጠራ» ብሎ ነው የሚሰማው። ድምፃቸው ያልተስተካከለ ሁለት ዕቃዎችን ማወዳደር፣ ሚዛኑ ላይ ጣት አስቀምጦ እንደመመዘን ነው።

ሮቶና ቧንቧ

የስትሪመር ወዳጆች አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው። ቁጥሩ ትክክል ቢሆንም የሚደርስበት ሰዓት ከተዛባ ድምፁ ይረበሻል ይላሉ። ኮምፒውተር ደግሞ ሥራ ስለሚበዛበት ሰዓቱን ይስታል። አንድ የድምፅ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ይህን ሲያስረዳኝ ጠረጴዛውን በጣቱ እየመታ ነበር፣ አንዴ አስተካክሎ፣ አንዴ እያንገዳገደ።

የሰዓት መዛባት እውነተኛ ነገር ነው። ጥያቄው መቼ ጆሮ ድረስ እንደሚመጣ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ለመረዳት ከቤቱ ጣሪያ ርቆ መሄድ የለበትም። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ ይመጣል፣ አንዳንዴም ሌሊት ብቻ። ሮቶ ያለው ቤት ግን ቧንቧውን ሲከፍት ውኃው እኩል ይወርዳል። ከለገዳዲ ይምጣ ከገፈርሳ፣ ስምንት ሰዓት ይምጣ ዘጠኝ፣ ሮቶው እስካልደረቀ ድረስ ማጠቢያው ላይ ለውጥ የለም። የዛሬዎቹ የዩኤስቢ ዳኮች የሚሠሩት እንደዚሁ ነው። ቁጥሩን በትንሽ ማጠራቀሚያ ይቀበላሉ፣ በራሳቸው ሰዓት ይቀዳሉ፣ ሲጎድል ኮምፒውተሩን «ጨምር» ይሉታል። ሰዓቱን የሚመራው ዳኩ ነው። እንዲያውም በዚህ ነጥብ ዩኤስቢ ከኦፕቲካል ገመድ ይሻላል፤ በኦፕቲካል ዳኩ የላኪውን ሰዓት መከተል ግድ ይለዋልና። ደህና ዳክ እዚያም ቢሆን ያጠራዋል።

በኢንተርኔት ወይም በዋይፋይ የሚመጣው ዘፈንም ጉዞው ላይ የጠፋ ክፍል ካለ ተመልሶ ይጠየቃል፣ ተሟልቶ ነው ወደ ማጠራቀሚያው የሚገባው። ኔትወርክ ሲደክም ዘፈኑ ይቆማል እንጂ ባሱ አይሳሳም። ለሙዚቃ ተብሎ በብዙ ገንዘብ የሚሸጠውን የኔትወርክ ገመድ እኔ አልገዛም፣ ወዳጄም እንዲገዛ አልመክርም።

ሁለተኛው ምሽት

በቀጣዩ ቅዳሜ ያው ሰው፣ ያው ሳሎን። ላፕቶፑ በባትሪ ይሠራል፣ ሴቲንጉ ተስተካክሏል፣ የሁለቱም ድምፅ እኩል ተደርጓል። ሁለቱም ያንኑ ፋይል ወደ ያችው ዳክ ይልካሉ። ወጣቱ ጠረጴዛውን በነጠላ ጋረደውና ከኋላው ተቀመጠ። በየዙሩ ሳንቲም ይወረውራል፤ አንበሳው ከወጣ ላፕቶፑ፣ ካልወጣ ስትሪመሩ። እኛ በእጃችን ባለው ወረቀት ላይ እንጽፋለን። ማውራት ክልክል ነው።

12 ዙር ተጫወተ። አማቹ 7 አገኘ፣ የእህት ልጅ 6፣ እኔ 5። ሳንቲሙን ራሱን ብንጠይቀው ከዚህ የተለየ አይመልስልንም ነበር። አማቹ ወረቀቱን ደጋግሞ አየና «በሦስተኛው ዙርኮ እርግጠኛ ነበርኩ» አለ። ተሳስቶ ነበር። እርግጠኛ የሆንኩባቸው ሁለት ዙሮች ለእኔም አልሆኑም።

የኛ ምሽት ሳይንስ አይደለም፣ ከሳይንሱ ጋር ግን ይገጥማል። ሜየርና ሞራን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ረዘም ላለ ጊዜ የሠሩትን ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2007 በድምፅ ምሕንድስና ማኅበር መጽሔት ላይ አውጥተው ነበር። ከሲዲ እጅግ በላቀ ልክ የተቀረጸ ሙዚቃ ወደ ሲዲ ልክ ሲወርድ ሰሚዎቹ፣ የድምፅ ባለሙያ የሆኑት ጭምር፣ ለይተው አላወቁትም። ያ የሙዚቃው ልክ ራሱ ተቀይሮ ነው። የኛዎቹ ሁለት ዕቃዎች ግን ያንኑ ቁጥር ነው ያደረሱት።

ነጋዴው ይህን ስነግረው አልተቀበለም። «በአንድ ምሽት አይለይም። አብረኸው ሳምንት ስትኖር ነው የሚገባህ» አለኝ። ከልቡ እንደሚለው አውቃለሁ፣ ጆሮውም ከኔ የሠለጠነ ነው። ቢሆንም፣ ዓይን ሲጋረድ የሚጠፋ ልዩነት ገንዘብ የሚወጣበት ልዩነት ነው ብዬ ማመን አልቻልኩም።

ከዚያ ወጣቱ ሳይነግረን አንድ ዙር ጨመረ። ያው ዘፈን ተጀመረ። ሦስታችንም በአንድ ጊዜ ቀና አልን። ድምፁ ጠቧል፣ ጸናጽሉ እንደ ዝናብ ይንሿሿል፣ ዘፋኙ በወንፊት ውስጥ የሚዘፍን ይመስላል። ዕቃ አልቀየረም ነበር። የቀየረው ፋይሉን ነው፤ አንድ ሰው ኢንተርኔት ላይ ከጫነው ቪዲዮ ነው ያጫወተው።

> ሦስታችንንም ቀና ያደረገን ዕቃው አልነበረም። ፋይሉ ነበር።

ኦርጅናል ነው?

በካሴት ዘመን ሙዚቃ ቤት የገባ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «ኦርጅናል ነው?» የሚል ነበር። ጥያቄው ልክ ነበር። ካሴት ከካሴት በተቀዳ ቁጥር «ሽሽሽ» የሚለው ድምፅ ይጨምራል፣ ቀጭኑ ድምፅ ይሞታል። ዛሬ በስልካችን የምንሰማው የድሮ ዘፈን ብዙ ጊዜ ያን መንገድ የተጓዘ ነው። ሸክላው ወደ ካሴት ተቀዳ፣ ካሴቱ ወደ ሌላ ካሴት፣ ያ ደግሞ ከዓመታት በኋላ በአንድ ሰው ኮምፒውተር ወደ ኤምፒ3፣ ኤምፒ3ው ወደ ቪዲዮ፣ ቪዲዮው ድረ ገጹ ላይ ሲጫን እንደገና ተጨመቀ። በመጨረሻ በብሉቱዝ ወደ ስፒከር ሲሄድ አንድ ጊዜ ደግሞ ይጨመቃል። ከዚህ ሁሉ በኋላ የዓለም ምርጥ ስትሪመር ቢቀመጥ የሚያደርሰው ያንኑ የተጎዳ ቁጥር ነው።

ይህ ነገር እኔን የሚያሳዝነኝ ቀረጻዎቹ ሲሠሩ እንዲህ ስላልነበሩ ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ከፍቶ ያሳተማቸውን ሸክላዎች በደህና ሁኔታ ያገኘ ሰው የሳክስፎኑን ትንፋሽ ለብቻው ይሰማል። በ1997 ፈረንሳይ ውስጥ ቡዳ ሙዚክ፣ በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ሲዲ ማውጣት ሲጀምር፣ ብዙ ሰው የወላጆቹን ዘፈን እንደ አዲስ የሰማው ለዚህ ነው። መሐንዲሱ ሲዲዎቻቸውን አንድ በአንድ ወደ ፍላክ ቀይረው ሀርድ ዲስክ ላይ አስቀምጠዋል። ፍላክ ፋይሉን ወደ ግማሽ ገደማ ያጥፈዋል፣ ሲዘረጋ ግን አንድም ቁጥር አይጎድልም። ኤምፒ3 እንደዚያ አይደለም፤ ጆሮ አያስተውለውም ያለውን ይጥላል፣ የጣለው አይመለስም።

ክፍያ ለሚከፍሉም ነገሩ ተሻሽሏል። አፕል ሙዚክ እ.ኤ.አ. በ2021፣ ስፖቲፋይም በ2025 ሳይጎድል የሚደርስ ሙዚቃ ማቅረብ ጀምረዋል። ሴቲንጉ ውስጥ ገብተው ማብራት ያስፈልግ ይሆናል። የድሮው ዘፈን ግን የተጫነው ከተጎዳ ካሴት ከሆነ፣ እዚያም ያው ካሴት ነው።

ሳሎኑ ራሱ

ሳሎንዎ መሐል ቆመው አንድ ጊዜ ያጨብጭቡ። ወለሉ ሴራሚክ፣ መስኮቱ ሰፊ መስታወት፣ ግድግዳው ባዶ ከሆነ ጭብጨባው ተንጫጭቶ ይመለሳል። ዘፈኑም እንደዚያው እየተመለሰ በራሱ ላይ ይወድቃል። ምንጣፍ፣ ወፍራም መጋረጃ፣ መጽሐፍ የሞላበት መደርደሪያ ይህን ይውጣሉ። ማዕዘን ውስጥ የተወተፈ ስፒከር ባሱ ያብጣል፤ ክንድ ያህል ሲስቡት ይረጋል። መሐንዲሱ ስፒከሮቻቸውን ከግድግዳ ያራቁት ለጌጥ አይደለም።

ታዲያ ማን ይግዛ?

ስትሪመሩ አሁንም ኮተቤ ያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ላፕቶፑ ወደ ሥራው ተመልሷል። መሐንዲሱ የመረጡት በድምፅ አይደለም። ስትሪመሩ ሁልጊዜ እንደበራ ነው፣ ማራገቢያ የለው አይጮኽ፣ በስልክ ይታዘዛል። ዘፈኑን ራሱ ከኢንተርኔት ወይም ከሀርድ ዲስኩ ስለሚስብም፣ እንደ ብሉቱዝ ስልክ በተደወለ ቁጥር ሙዚቃው አይቋረጥም። ባለቤታቸው ላፕቶፕ መክፈት አይወዱም ነበር፤ አሁን ጠዋት ጠዋት መዝሙራቸውን ራሳቸው ይከፍታሉ። ይህ በቂ ምክንያት ነው።

እኔ የምፈርደው እንዲህ ነው። ላፕቶፕና ደህና ዳክ ያለው ሰው የተሻለ ድምፅ ፈልጎ ስትሪመር መግዛት የለበትም። ምቾት ፈልጎ ከሆነ ይግዛ፣ ርካሹም ይበቃዋል። የተረፈውን ገንዘብ ስፒከር ላይ፣ ምንጣፍ ላይ፣ ኦርጅናል ቀረጻ ላይ ያውለው።

ከዚያ በፊት ግን ዛሬ ማታ ዘፈን ሳይከፍቱ ድምፁን ከፍ ያድርጉና ጆሮዎን ወደ ስፒከሩ ያስጠጉ። እምምታ ከሰሙ ቻርጀሩን ይንቀሉት።